የውዳላት አንድ ዓሣ

ተረት ተረት። «የዓሣ በረት» በሉ እንጂ። የላሙን በረት ለላም ባለቤቶች ተዉላቸው፤ የዛሬው በረት ውሃ ውስጥ ነው።

ጉርድማ ወንዝ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ አንማው የሚባል ዓሣ አጥማጅ ይኖር ነበር። ቀጭን ነው። ከታንኳው መቅዘፊያ ጎን ሲቆም የትኛው መቅዘፊያ፣ የትኛው አንማው እንደሆነ ለመለየት ኮፍያውን መፈለግ ያስፈልጋል። ሚስቱ ውዳላት ግን በዚያ ሰሞን ቀጭን አልነበረችም። የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ቀድሞ በበሩ ይገባል፣ እሷ ትንሽ ቆይታ ትከተለዋለች።

ታዲያ ውዳላትን አማራት። ምን አማራት? አንድ ዓሣ። ሁለት አላለችም። ግን የተገኘውን ዓሣ ሁሉ አይደለም፤ ክረምት ሲገባ፣ ወንዙ ቀይ ጭቃውን ተሸክሞ ሐይቁ ውስጥ ሲዘረግፍ፣ የጭቃውን ሽታ ተከትሎ ከጥልቁ ወደ ወንዙ አፍ የሚመጣውን ነጭ ዓሣ ነው። ሽሮ ቀረበላት፣ ፊቷን አዞረች። ቆሎ ቀረበላት፣ ፊቷን አዞረች። ዘጠኝ ቀን ከውሃ በቀር አፏ ምንም አልቀመሰም። ሆዷ እየገፋ ፊቷ እየሸሸ ሄደ። የሰፈሩ ሴቶች መጡ፣ አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ «አምሮቷ ካልደረሰላት ለእሷም ለልጁም አይበጅም» አሉ፤ የቀረበላትንም ቆሎ በልተውላት ሄዱ።

ወሩ ሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ግን ራሱን አያውቅም። ሰኔ ሚካኤል ደርቆ አለፈ፣ ሐምሌ አቦም ደርቆ አለፈ። ጉርድማ ቀጥኖ ቀጥኖ፣ እንቁራሪት ስትሻገረው እግሯ አይርስም።

አንማው የሚያጠምደው በአጥር ነው። በወንዙ አፍ ላይ ችካል በተርታ ይተክላል፣ በመሃሉ ደንገል ይጎነጉናል። እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ የሚወጣው ዓሣ እዚያ ላይ ይታገዳል፤ አንማው በቅርጫት ይለቅመዋል። በመጀመሪያው ዓመት ታንኳ የሚያሳልፍ በር ትቶለት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ አነሰ፣ ዓሣውም አነሰ፤ አንማው በሩን አጠበበው። በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ ባንድ ቀን ወርዶ ሄደ፣ ዓሣውም በጣት የሚቆጠር ሆነ፤ አንማው በሩን ዘጋው፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃና በእምቦጭ ጠቀጠቀው። ዓሣ ባነሰ ቁጥር አጥር ማጥበቅ የአባቶቹ ብልሃት አይደለም። የራሱ ነው፤ ይኮራበታል።

«አንማው» አለች ውዳላት ከመደቡ ላይ። «ያ አጥርህ…»

«አጥሩን ተይው። አጥሩ ምን አደረገሽ? የጠየቅሽኝ ዓሣ ነው።»

«እኔ እኮ የምልህ…»

«ውዳላት፣ አፍሽን ለዓሣው አስቀምጪው። ዛሬ ሳይመሽ ይዤልሽ እመጣለሁ። ደግሞ ይህን ዓሣ ያስቀረብንን ሰው፣ የመጨረሻውን ጥፋተኛ፣ ባገኘሁት ጊዜ ከነልብሱ ሐይቁ ውስጥ ነው የምከተው።»

«ከነልብሱ?»

«ከነኮፍያው።»

ውዳላት ወደ ግድግዳው ዞረች። የሳቀች ይመስላል፤ ከጀርባዋ በቀር የሚታይ ስላልነበረ ማረጋገጥ አልተቻለም።

አንማው ታንኳው ላይ ወጣ። ቀዘፈ፣ ቀዘፈ፣ የሐይቁ መሃል ደረሰ። የታንኳውን ጎን ሦስት ጊዜ በጡጫ መታ። አንድ ሽማግሌ ነጭ ዓሣ ብቅ አለ፤ ከታንኳው በአንድ ክንድ ብቻ ነው የሚበልጠው።

«ማነው በር የሚያንኳኳ?»

«እኔ ነኝ፣ አንማው። ውዳላት ያለ ዓሣ አልበላም አለች። ከልጆችህ አንዱን ይዘህ ወደ ወንዙ አፍ ና።»

«አልመጣም» አለ ዓሣ። «ውሃው መቼ ደፈረሰ? በጠራ ውሃ መግባት በጠራራ ፀሐይ ሰርግ ቤት ራቁትን መግባት ነው። አሞራ ሁሉ ዓይኑን ተክሎብን። ደግሞስ ጭቃው ሳይሸተን መንገዱን በምን እናውቀዋለን? ደፍራሽ ሲመጣ ጥራኝ። እርግጥ አምና እናቴ ከነእንቁላሏ ገብታ እስካሁን አልወጣችም…»

«ነፍስ ይማር» አለ አንማው ቶሎ ብሎ፣ አምና በቅርጫቱ የገባውን እያስታወሰ። ወሬውንም ለወጠና ቀዝፎ ተመለሰ።

ወንዙን ይዞ ሽቅብ ሄደ። ሄደ፣ ሄደ፣ ሞላልኝ የሚባል ሽንኩርት አብቃይ ሞተሩን አስነስቶ፣ ቱቦውን ድንጋይ መሃል ወትፎ፣ ቁጭ ብሎ አገኘው።

«አያ አንማው፣ ወዴት ነው?»

«ወንዝ ፍለጋ።»

«ቆመህበታል» አለ ሞላልኝ።

አንማው እግሩን አነሳ። እውነትም ከጫማው ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ «እህህ» አለ። ወንዙ ነው።

«ወንዜ፣ በሞቴ ውረድልኝ» አለ አንማው። «ውዳላት ያለ ዓሣ አልበላም አለች፤ ዓሣ ያለ ደፍራሽ አልገባም አለ።»

«አልወርድም» አለ ወንዙ። «ምን ይዤ ልውረድ? ድሮ ስወርድ ጭቃ፣ ቅጠል፣ ጉንዳን፣ አንዳንዴም የሰው በሬ ይዤ ነው፤ ሐይቁ ደስ ብሎት ይቀበለኛል። ዛሬ ባዶ እጄን ሰው ቤት አልሄድም። ዝናብ ካልመጣልኝ እዚሁ ነኝ። ያለችኝንም ጉንጭ ይኸው ይህ ሰውዬ በቱቦ ይጎነጫታል።»

«ለሽንኩርት ነው» አለ ሞላልኝ፣ እንደ ማፈር ብሎ። «እኔስ ሞተር ማስነሳት ወድጄ ነው? ገመዱን ስጎትት ትከሻዬ ወልቆ፣ ሌሊት በግራዬ እተኛለሁ፣ ሚስቴ በስተቀኝ ናት፣ የኮራሁባት ይመስላታል። ዝናቡን አምጣው፣ ዛሬውኑ ሞተሩን አጠፋዋለሁ።»

«የመጨረሻውን ጥፋተኛ ሳገኘው ከነኮፍያው ሐይቅ ውስጥ እከተዋለሁ። አንተም መስክር።»

«እመሰክራለሁ» አለ ሞላልኝ። «እንዲያውም ላይህ እመጣለሁ።»

አንማው ተራራውን ወጣ። ጫፉ ላይ ደረሰ፤ ደመናው ግን ገና ከፍ ብሎ ያልፋል። ድንጋይ ላይ ወጣ፤ አልደረሰም። ኮፍያውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ኮፍያው ላይ ወጣ፤ አሁን ደረሰ። የደመናውን ጋቢ ጫፍ ጨምድዶ ያዘ።

«ቀስ፣ ይቀደዳል» አለ ደመናው። «ምን ፈለግህ?»

«ዝነብልኝ። ውዳላት ያለ ዓሣ አልበላም አለች፤ ዓሣ ያለ ደፍራሽ አልገባም አለ፤ ወንዝ ያለ ዝናብ አልወርድም አለ።»

«አልዘንብም» አለ ደመና። «የት አርፌ? ድሮ መንገዱን አውቀው ነበር። በሰኔ ሚካኤል እነሳለሁ፣ እዚህ ስደርስ ተራራው ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ‹አረፍ በል› ይለኛል፣ ቀስ እያልኩ እስከ መስከረም አራግፋለሁ። ዛሬ ሙቀቱ መንገዱን ሁሉ አዛብቶታል፤ ወራቱን እንኳ ሰው ጠይቄ ነው የማውቀው። ተራራው ላይ ስደርስ ሆዴን ይለበልበኛል። ስለዚህ አልፋለሁ። አምና ሸክሙ ሲበዛብኝ ከዚያ ማዶ የወሩን ባንድ ከሰዓት በኋላ ለቀቅኩት። የሰዎቹን ጤፍ ወሰደ፣ የአንዱን ሰውዬ በር ከነመቀርቀሪያው ወሰደ። ይኸው እስከ ዛሬ ይሰድቡኛል። ማረፊያ ስጠኝና በወጉ ልዝነብ።»

«ማነው ማረፊያ የነሳህ? ንገረኝና ከነኮፍያው…»

«የቆምክበትን ጠይቀው» አለ ደመናው፤ ጋቢውን መንጭቆ ሄደ።

አንማው ከኮፍያው ላይ ወረደ።

«ጫማህንም አውልቅ» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። «አናቴ ላይ ነው የቆምከው።»

አንማው ጫማውን አወለቀና ብብቱ ሥር አደረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ ተራራ። ደመናውን ‹አረፍ በል› ይበሉልኝ። ውዳላት ያለ ዓሣ አልበላም አለች፤ ዓሣ ያለ ደፍራሽ አልገባም አለ፤ ወንዝ ያለ ዝናብ አልወርድም አለ፤ ደመና ያለ ማረፊያ አልዘንብም አለ።»

«አልልም» አለ ተራራ። «በዚህ መላጣዬ? ድሮ ጎፈሬ ነበረኝ። ወይራ ነበር፣ ጽድ ነበር፣ ኮሶ ነበር። ደመና ሲመጣ ጣቱን ጎፈሬዬ ውስጥ አስገብቶ ሲጫወት፣ ሳያስበው ይዘንባል። አሁን ራሰ በራ ነኝ፤ ፀሐይ ሲወጣ እንደ ጋለ ብረት እግላለሁ። ፀጉር ሳይኖረኝ እንግዳ አልቀበልም። ክብር አለኝ።»

«ማን ላጨዎት?»

«መጥረቢያ ያለው ሁሉ። ግማሹ ከሰል ሆነ፣ ግማሹ ቤት ሆነ። ከግንባሬ ላይ የነበሩትን ሦስት መቶ ቀጥ ቀጥ ያሉ እንጨቶች ግን አንድ ቀጭን ሰውዬ ‹ለችካል ነው› ብሎ ቆርጦ ወሰዳቸው። ታውቀዋለህ?»

«ቀጭን ሰው አላውቅም» አለ አንማው። «እኛ ሰፈር ሁሉም ወፍራም ነው።»

«እንግዲያው ከማጅራቴ ላይ አንዲት ወይራ ቀርታለች። እሷ ቀና ካለች፣ አንድ ፀጉርም ፀጉር ነው፤ ደመናውን እቀበለዋለሁ።»

አንማው ወደ ተራራው ማጅራት ወረደ። ወይራዋን ለማግኘት በደረቱ መተኛት ነበረበት፤ ቁመቷ አውራ ጣት ታህል ነበር።

«ሦስት ዓመቴ ነው» አለች ወይራ። «አትመስዪም በለኝ።»

«አትመስዪም። እባክሽ እደጊ። ውዳላት ያለ ዓሣ አልበላም አለች፤ ዓሣ ያለ ደፍራሽ አልገባም አለ፤ ወንዝ ያለ ዝናብ አልወርድም አለ፤ ደመና ያለ ማረፊያ አልዘንብም አለ፤ ተራራ ያለ ፀጉር እንግዳ አልቀበልም አለ።»

«አላድግም» አለች ወይራ። «ማደግ አቅቶኝ አይደለም። ሁለት ቅጠል ባወጣሁ ቁጥር የእትዬ ጠጅቱ ፍየል መጥታ ሦስት ትበላለች። ሦስተኛዋን ከየት እንደምታመጣት ለራሴም ገርሞኛል። ሰላም ስጡኝ፣ አድጋለሁ።»

ይህን ስትል ፍየሏ ከድንጋዩ ጀርባ ብቅ አለች። ከኋላዋ እትዬ ጠጅቱ ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ እየቆሙ እየተነፈሱ መጡ። እትዬ ጠጅቱ የአንማው የጓሮ ጎረቤት ናቸው፤ ቤታቸው ሐይቁ ዳር ነው፤ ፍየላቸው ሐይቁን ትታ ተራራ ላይ ወጥታ ስትውል እሳቸውም መውጣት ግድ ሆኖባቸዋል።

«አንተ አንማው፣ እዚህ በደረትህ ተኝተህ ምን ትሠራለህ? ሚስትህ እየተራበች።»

«ለእሷው ነው፣ እትዬ። ፍየልዎ ወይራዋን ትልቀቅልኝ። ውዳላት ያለ ዓሣ አልበላም አለች፤ ዓሣ ያለ ደፍራሽ አልገባም አለ፤ ወንዝ ያለ ዝናብ አልወርድም አለ፤ ደመና ያለ ማረፊያ አልዘንብም አለ፤ ተራራ ያለ ፀጉር እንግዳ አልቀበልም አለ፤ ወይራ ያለ ሰላም አላድግም አለች።»

«ሁሉም እንቢ ብሎህ የእኔዋ ፍየል ናት እሺ የምትልህ?»

«አልለቅም» አለች ፍየሏ፣ እያመነዠከች።

«ይኸው» አሉ እትዬ ጠጅቱ፣ በኩራት።

«በዚህ ዕድሜዬ ገደል ለገደል የምንጠላጠለው ለጨዋታ መስሎሃል?» አለች ፍየሏ። «ውሃው ሸሽቶ የሚተወው መስክ ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሳሩ እስከ ጡቴ ይደርስ ነበር። ተኝቼ ነበር የምበላው፤ ራስ ማንሳት እንኳ አልፈልግም ነበር። ሳሩ ቀረ። ሳሩን መልስና ይህችን መራራ ቅጠል ለጠላቴም አልመኝም።»

«እውነቷን ነው» አሉ እትዬ ጠጅቱ። «ያንን ሳር ያስቀረውን ሰው ባገኘው በዚህ ዱላ…»

«ዱላውን ለእኔ ተዉልኝ፣ እትዬ። እኔ ከነልብሱ ሐይቅ ውስጥ ልከተው ምያለሁ።»

«ከነልብሱ? እንዲህ ያለውንስ ሳላይ አልቀርም። ነይ ፍየሌ፣ እንውረድ።»

ሦስቱም ወረዱ። ፍየሏ ከፊት፣ አንማው ከመሃል፣ እትዬ ጠጅቱ ከኋላ። መስኩ ከአንማው ቤት በር ላይ ነው የሚጀምረው፤ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ በስንጥቁ የሰው ክንድ እስከ ብብት ይገባል። አንማው ስንጥቁ ላይ አፉን አድርጎ ጮኸ፦

«መስክ ሆይ፣ ሳር አብቅልልኝ። ውዳላት ያለ ዓሣ አልበላም አለች፤ ዓሣ ያለ ደፍራሽ አልገባም አለ፤ ወንዝ ያለ ዝናብ አልወርድም አለ፤ ደመና ያለ ማረፊያ አልዘንብም አለ፤ ተራራ ያለ ፀጉር እንግዳ አልቀበልም አለ፤ ወይራ ያለ ሰላም አላድግም አለች፤ ፍየል ያለ ሳር…»

«አንማው» አለች ውዳላት፣ ድንክ አልጋዋን በር ላይ አስወጥታ ጋደም ብላለች፤ ድምፅዋ ከጠዋቱ ቀጥኗል። «አጥ…»

«ቆይ ውዳላት፣ ሰባት ላይ ደርሻለሁ፣ አታሳስቺኝ። ፍየል ያለ ሳር አልለቅም አለች።»

«አላበቅልም» አለ መስክ። «እኔ የምበላው ደለል ነው። ወንዙ ሲሞላ ጭቃውን አምጥቶ ጀርባዬ ላይ ያለብሰኛል፣ ሲሸሽ አበቅላለሁ። ሦስት ዓመቴ ነው ሳልበላ። ምግቤ እዚያ ማዶ ይታየኛል፣ ይሸተኛል፤ አጥር ከልሎት እዚያው ኩሬ ሆኖ ተኝቷል። አጥሩን ንገረው።»

«አጥር ነው?» አለ አንማው፤ እጅጌውን ሰበሰበ። «እንግዲያው አለቀለት።»

ወንዙ አፍ ላይ ሄዶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ። ሞላልኝም ቃሉን አክብሮ መጥቷል፤ እትዬ ጠጅቱም ደህና ድንጋይ መርጠው ተቀምጠዋል።

«አንተ አጥር» አለ አንማው። «አሁኑኑ ተነቀል። ውዳላት ያለ ዓሣ አልበላም አለች፤ ዓሣ ያለ ደፍራሽ አልገባም አለ፤ ወንዝ ያለ ዝናብ አልወርድም አለ፤ ደመና ያለ ማረፊያ አልዘንብም አለ፤ ተራራ ያለ ፀጉር እንግዳ አልቀበልም አለ፤ ወይራ ያለ ሰላም አላድግም አለች፤ ፍየል ያለ ሳር አልለቅም አለች፤ መስክ ያለ ደለል አላበቅልም አለ።»

«አልነቀልም» አለ አጥር።

«ለምን?»

«እንጨት ነኛ። እንጨት ራሱን ነቅሎ ሲሄድ የት አይተሃል? ተራራ ግንባር ላይ ቆሜ ነበር፣ አንድ ሰው ቆርጦ አመጣኝ። እዚህ ተከለኝ፣ በዓመቱ አጠበቀኝ፣ በዓመቱ ጠቀጠቀኝ። ያለ ተካዬ እጅ አልነቀልም።»

«ተካይህ ማነው? ስሙን ብቻ ንገረኝ።»

ሞላልኝ ወደ ሐይቁ ዞረ። እትዬ ጠጅቱ መሬቱን በዱላቸው ጫሩ። ፍየሏ ብቻ ማመንዠኳን አቁማ አንማውን ከኮፍያው እስከ እግሩ አየችው።

አንማው ችካሎቹን አየ። ሦስት መቶ ናቸው። በያንዳንዱ አናት ላይ የመዶሻው ምት አለ፤ ሁሉም ወደ ግራ አዘንብሏል፣ ምክንያቱም አንማው ግራኝ ነው። በዚያ ሐይቅ ዳር ሌላ ግራኝ የለም።

«ሰውዬው» አለ አንማው ቀስ ብሎ፣ «ቀጭን ነው?»

«መቅዘፊያ ያክላል» አለ አጥሩ።

«እኔ ምስክር ነኝ» አለ ሞላልኝ። «ከነልብሱ ነው ያልከው።»

«ከነኮፍያው» አሉ እትዬ ጠጅቱ።

አንማው ወደ ቤቱ ዞሮ አየ። ውዳላት ድንክ አልጋዋ ላይ በክንዷ ተደግፋ ቀና ብላለች፤ ያ ክንድ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የችካል ያህል ሆኗል። ኮፍያውን ጠበቅ አደረገና፣ ራሱን በራሱ ከነልብሱ ሐይቁ ውስጥ ከተተ።

ውሃው ደረቱ ላይ ደረሰ። አንዱን ችካል አቅፎ ነቀለ። ሁለተኛውን ነቀለ። ሞላልኝ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ በታመመው ትከሻው እያቃሰተ ነቀለ። እትዬ ጠጅቱ በዱላቸው የደንገሉን ጉንጉን ፈቱ። ሦስት መቶውን ነቅለው ሲጨርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ እኔ ፈጥነው ነው እላለሁ፣ ፀሐይዋ ቆማ እያየች ነው የሚሉም አሉ።

አጥሩ ሲነቀል የሦስት ዓመት ደለል ተለቀቀ። ደለሉ ሲለቀቅ መስኩ በላ። መስኩ ሲበላ አገሳ፣ ሲያገሳም ሳር አበቀለ፤ ሳሩ ሲወጣ እትዬ ጠጅቱን ከተቀመጡበት ድንጋይ ጋር ሊያነሳቸው ጥቂት ቀረው። ሳሩ ሲወጣ ፍየሏ ተኝታ መብላት ጀመረች፣ ወይራዋን ለቀቀች። ወይራዋ ሰላም ስታገኝ ቀና አለች፣ አንድ ስንዝር ተመዘዘች። ወይራዋ ስትመዘዝ ተራራው አንድ ፀጉር አበቀለ፤ ያቺን አንዲት ፀጉር በስተቀኝ አበጥሮ፣ ደመናውን «አረፍ በል» አለው። ደመናው ሊያልፍ ነበር፤ ግን እንዲህ የተኮራባትን ፀጉር አይቶ አያውቅምና ቀረብ ብሎ ሊያያት ሲያጎነብስ ዘነበ። ዝናቡ እንደ አምናው ባንድ ጊዜ አልተደፋም፤ በእርምጃ መጣ። ዝናቡ ሲመጣ ወንዙ ጭቃውን፣ ቅጠሉን፣ ጉንዳኑን ይዞ፣ የሞላልኝንም ሞተር ገፍቶ ወረደ። («ሞተሬን!» ብሎ ሞላልኝ ሮጠ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ግን ትከሻው ትዝ አለውና መሮጡን ተወ።) ወንዙ ሲወርድ ውሃው ደፈረሰ። ውሃው ሲደፈርስ ዓሣው መጣ።

እንዴት ያለ አመጣጥ ነው። ሽማግሌው ከፊት፣ ጭፍራው ከኋላ፣ የውሃው ፊት በጀርባቸው ብር መሰለ። አጥር ግን የለም፤ የሚያግዳቸው የለም። በአንማው እግር መሃል፣ በብብቱ ሥር፣ አንዳንዱም በኮፍያው ላይ ዘለው ሽቅብ አለፉ። አንማው በባዶ እጁ ያዘ፣ አመለጠው። ያዘ፣ አመለጠው። ሦስት ዓመት በአጥር የለመደ እጅ መያዝ ረስቷል።

ሽማግሌው ዓሣ ቆም ብሎ አየው። «ሆድዋ የተነፋውን አትንካ» አለው። «እሷ ወደ ላይ ካልወጣች የከርሞ ዓሣ የለም። ከወንዶቹ አንድ ውሰድ። ስንት ነው የተባልከው?»

«አንድ» አለ አንማው።

«እንግዲያው አንድ» አለ ዓሣውና አለፈ።

አንማው አንድ ያዘ። ይህን ጊዜ አላመለጠውም።

ውዳላት በላች። መጀመሪያ ቀስ ብላ በላች፣ ከዚያ ፈጥና በላች፣ ከዚያ አንማው ጣቱን ከሳህኑ አጠገብ አሸሸ። ፊቷ ከሸሸበት ተመለሰ። ልጁ በሆዷ ውስጥ አንድ ጊዜ ረገጠ፤ ወይ ጠግቦ ነው፣ ወይ ስቆ ነው። ከበሉ በኋላ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ባሏን አየችው።

«ኮፍያህ ረጥቧል።»

«ረጥቧል።»

«አጥሩስ?»

«ነቀልኩት። ከርሞም በር እተዋለሁ፤ የታንኳ በር ሳይሆን የሰርገኛ በር።»

«ማን መከረህ?»

አንማው በጣቱ ቆጠረ። «ዓሣ ወደ ወንዝ ላከኝ፣ ወንዝ ወደ ደመና ላከኝ፣ ደመና ወደ ተራራ ላከኝ፣ ተራራ ወደ ወይራ ላከኝ፣ ወይራ ወደ ፍየል ላከችኝ፣ ፍየል ወደ መስክ ላከችኝ፣ መስክ ወደ አጥሩ ላከኝ። አጥሩ ራሱ ነው የነገረኝ።»

«ጠዋትስ እኔ ምን ልልህ ነበር?»

አንማው ኮፍያውን አውልቆ ጨመቀው። ውጭ ዝናቡ በእርምጃው ይዘንባል።

«‹ያ አጥርህ› ብለሽ ጀምረሽ ነበር።»

«አዎ» አለች ውዳላት፣ የዓሣውን እሾህ እየመጠጠች። «ብታስጨርሰኝ ኖሮ ምሳዬ ይደርስ ነበር።»

አንዲት ወይራ ክረምትን አትመልስም፤ ተራራውም ይህን ያውቃል። በዓመቱ ደመናው እንደገና ዘገየ ይባላል። ግን እትዬ ጠጅቱ ፍየላቸውን መስኩ ላይ አስረው፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ ችግኝ ይዘው ያንን ገደል ይወጣሉ፤ እግራቸው አመል ሆኖበታል። አንማውም ሚስቱ አፏን ስትከፍት አፉን ይዘጋል፤ በዚያ ሐይቅ ዳር እንዲህ የሚያደርግ ባል እሱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ታንኳቸውን አስጠግተው ሊያዩት ይመጣሉ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዓሣ አብሱ፤ እሾሁን ግን አውጡልኝ።